ከሁለቱ አንዱን ብቻ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለትንቢት ገብረ መድህን፣ ጁባ።

እንዴት ሰንብተሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ባለፈው በስልክ ያልሽኝ የጉልበትሽ ሕመም ቀለል አለሽ ወይስ አሁንም ከምድጃው ስትነሺ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ዮፍታሔስ ደኅና ነው? ጽጌሬዳስ አድጋ ይሆናል፤ ቁመቷ ከትከሻሽ አለፈ? ምግብ ቤታችሁስ ሰው ይገባዋል? ሁላችሁንም በያላችሁበት ጤና ይስጣችሁ።

እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዘንድሮ አሰላ ላይ የጥር ውርጭ በረታብን። የጓሮዬ ጎመን ጠዋት ስነካው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ድንቹንም አቃጥሎታል። ከዚያ በቀር አንድም የጎደለኝ ነገር የለም።

በስልክ መነጋገር ስንችል ወረቀት ለምን አስፈለገ ትይ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን የጀመርሁትን ትቼ የዝናብ ወሬ ውስጥ እገባለሁ። ደግሞም ይህ ጉዳይ በወረቀት የመጣብን ነውና በወረቀት ይነገር ብዬ ነው። ሰው ሳላስቸግር በገዛ እጄ የጻፍሁልሽ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር በዪኝ።

ዋናውን ልንገርሽ። የአጎታችን ልጅ እንደሻው የአባታችንን መሬት በገዛ እጁ ለቀቀ። አላበድሁም፣ በደንብ አንብቢው። ጎበሳ ያለው፣ አንቺ ተወልደሽ ያደግሽበት፣ አባታችንን ያስታመምሽበት እርሻ ከእንደሻው ስም ወጥቷል። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ፤ እኔም ለብቻዬ ስስቅበት ሰንብቻለሁና አብረሽኝ ሳቂ። ከሳቁ በኋላ የሚመጣውንም ታገሺኝ።

እኔ የምሠራበት የይዞታ ምዝገባ ቢሮ መጀመሪያ በጽዳት እንደ ቀጠረኝ ታውቂያለሽ። መዝገብ ቤት ካዛወሩኝ አራት ዓመት ሆነኝ። የቢሮው መመሪያ በአንድ ሰው ስም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይሁን ይላል፤ ወይ የገጠር እርሻ፣ ወይ የከተማ ቤት መሥሪያ ቦታ። ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። የባለጉዳዩ ይዞታዎች በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ በተርታ ይደረደራሉ። የተመረጠው መሥመር ሲነካ ሰማያዊ ይሆናል። ታዲያ አንድ ሰው አንድ ብልሃት አገኘ። በግራ ጥግ ኮንትሮል የምትባል ቁልፍ አለች። እሷን ተጭኖ ሁለተኛውን መሥመር ሲነካው ሁለቱም ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ኮምፒዩተሩም ሁለቱን አጽድቆ ይቀበላል።

ብልሃቱን ከሰሙት አንዱ እንደሻው ነው። የአባታችንን እርሻ እንደ ያዘ አሰላ ላይ ሁለት መቶ ካሬ ተመራ። በቆጂ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ «ሕግ ማለት ለማያውቅ ሰው ነው፤ ለሚያውቅ አንዲት ቁልፍ ነች!» እያለ ሲፎክር የሰሙት ነገሩኝ። ሰምቼ ወደ መዝገቤ ተመለስሁ።

ኅዳር ላይ አቤቱታ በዛና ሁለት የያዘ ሁሉ ተመልሶ ይምረጥ ተባለ። ጸሐፊዎቹም በሰው ፈንታ እንዳይመርጡ፣ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲነካ ታዘዘ። ፕሮግራሙን እንድታስተካክል ለሊሴ የምትባል ባለሙያ ከአዳማ መጣች። ከአለቆች ጋር ብቻ ተነጋግረው እንደሚሄዱት አይደለችም። መዝገብ ቤት ገብታ፣ «እትዬ ሐመልማል፣ በወረቀቱ ጊዜ እንዴት ነበር የምታደርጉት?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ቢሮ ስለ ሥራ የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችኝ። «ዝርዝሩ ጠባይ አለው። አንድ አስመርጥ ካሉት አንድ ያስመርጣል፤ ብዙ ካሉት ብዙ። የሠራው ሰው ብዙ ላይ ትቶት ሄዷል» አለችኝ። ያን ሁሉ ጉድ ያመጣው አንድ ቃል ነበር፣ ትንቢት። ቃሉን አጥፍታ በሌላ ተካችው። ከዚያ ያችን ቁልፍ ይዛ ሁለተኛውን መሥመር ብትነካው፣ ሁለተኛው ሲበራ የመጀመሪያው ጠፋ። ደግማ የመጀመሪያውን ነካች፤ ሁለተኛው ጠፋ። እኔ ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።

እኔም የማውቀውን አዋጣሁ። ዝርዝሩ ሲከፈት የላይኛው መሥመር አስቀድሞ በርቶ ነበርና፣ ምንም እንዳይበራ አድርጊው አልኋት። «ለምን?» አለች። «ከገጠር የመጣ ሰው አስቀድሞ የበራ ነገር ካየ፣ መንግሥት ጨርሶታል ብሎ እሺ ይላል» አልኋት። ስቃ ስታበቃ፣ «ይህን እንኳ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩንም» አለችና እንዳልሁት አደረገችው።

ቀጥላ ሌላ ጠየቀችኝ። «ሰው ሁለተኛውን ሲነካ የመጀመሪያው መጥፋቱን ላያስተውል ይችላል። የመጀመሪያው ይለቀቃል፣ እርግጠኛ ነዎት? የሚል ማስጠንቀቂያ መሐል ላይ ላውጣ?» አለችኝ። ትክክለኛው መልስ አዎ ነበር። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ለሊሴም ታውቀዋለች፣ እኔም ያን ጊዜ አውቀው ነበር። ነገር ግን እንደሻው ጣቱን በዚያች ቁልፍ ላይ አሳርፎ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። «አያስፈልግም፤ ሰዉ ይሰላቻል» አልኋት። አመነችኝ። ከዝርዝሩ በላይ «አንድ ብቻ ይመረጣል» የሚል መሥመር ብቻ ጽፋ ተወችው።

አሁን ከዚህ ከማለፌ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደበቅሁሽን ልንገርሽ። የአባታችን ነገር በተነሣ ቁጥር፣ «አንቺ ምን በወጣሽ፣ ውሸት አንብበውልሽ ነው» ትይኛለሽ። አላነበቡልኝም፣ እህቴ። ማንም አላነበበልኝም።

አባታችን ካረፈ በኋላ የመሬት ኮሚቴው በጠራኝ ቀን በጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት ሁለት ስም ነበረበት። ላይ የአንቺ፣ ታች የእንደሻው። አንቺ አብረሽው ኖረሽ ያስታመምሽ፣ እሱ አረስሁ ያለ። ታላቂቱ ልጅ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ጣቷን አሳርፋ ትመስክር ተባለ። የኮሚቴው ጸሐፊ ደግ ሰው ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይነበብልሽ ወይስ ታነቢያለሽ?» አለኝ። ማንበብ ለማይችል ሰው በምስክር ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበርና ነው። ባሌ ቦና ከኋላዬ ቆሟል። ስንጋባ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ ብዬዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጸሎት ቤታቸው የመዝሙር መጽሐፍ ገልጬ በቃሌ ስዘምር ኖሬያለሁ። አንድ እሑድ እንዲያውም ገልብጬ ይዤው አንዲት ሴትዮ ዝም ብላ አቅንታልኛለች። እንግዲህ በባሌና በወንድሞቹ ፊት፣ ይነበብልኝ ልበል? «አነባለሁ» አልሁ።

እንደሻው ወረቀቱን ወደ እኔ እያዞረ፣ «የእህትሽ እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣቱ ታችኛውን መሥመር ነካልኝ። እኔም እንደሚያነብ ሰው ትንሽ ቆየሁና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍሁበት። በሳምንቱ አንቺ ልብስሽን በነጠላ ቋጥረሽ ከአባትሽ ቤት ወጣሽ። ያታለለ እሱ ነው። በሩን የከፈትሁለት ግን እኔ ነኝ። «አላነብም» ከሚል አንድ ቃል ያንቺን ኑሮ አሳንሼ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ነው የተማርሁት። ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ፣ ከሱቅ በር ላይ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምሁ። የፊደል ገበታ ገዝቼ ከዱቄት ዕቃው በታች ደብቄ ነበር። አንድ ቀን ሳወጣው እርሳስ ተቀምጦበት አገኘሁ፤ የተቀረጸ፣ አዲስ። ቦና ነው ያስቀመጠው። እስኪሞት ድረስ እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርሁም። መዝገብ ቤት የገባሁ ሰሞን ደግሞ ያንን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁት። ስምሽ ላይ ምንም የለም። ከታች፣ በእሱ ስም ላይ፣ የእኔ ጣት አለ። ያን ቀን ነው መሬቱን አስለቅቀዋለሁ ብዬ የማልሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያስወጋሁ ነኝና ጭራሽ አልረሳሁም።

ምዝገባው ከጥምቀት በኋላ ሐሙስ ዕለት ተጀመረ። ማስጠንቀቂያው እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝና ሰው በእኔ ጥፋት እንዳይጎዳ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቆምሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አነበብሁ። አልጣሽ የሚባሉ አሮጊት ከሻርቃ መጥተው፣ ሁለቱንም ማየት ፈልገው ሁለቱንም ቢነኩ እርሻቸው ጠፋ። እጃቸውን ይዤ መለስሁና፣ «እማማ፣ ሁለተኛውን ሲነኩ የመጀመሪያው ይሄዳል፤ የሚፈልጉትን መጨረሻ ይንኩ» አልኋቸው። «እንደ ባል ነዋ!» ብለው ቢሮውን በሳቅ ሞሉት። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ ምሳ ሳልወጣ ቆምሁ። ልቤ ግን ለሰው አልነበረም የቆመው። በሩን ነበር የማየው።

ማክሰኞ ጥር ሃያ መጣ። አዲስ ኮት ለብሷል። ገና ከበሩ፣ «አንቺ ሐመልማል! መጥረጊያሽን ለማን ሰጠሽው?» አለ። ተሰልፈው ከነበሩት አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔም እንደ ሥራዬ፣ «ጋሽ እንደሻው፣ ይነበብልዎ ወይስ ያነባሉ?» አልሁት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ለእኔ የምታነቢው? ለአገር የማነብ እኔ አይደለሁ እንዴ!» አለና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«አንድ ብቻ ይመረጣል» የሚለው ከዓይኑ ፊት ነበር። አላየውም። በግራ ጣቱ ያችን ቁልፍ ተጫነ። የጎበሳውን እርሻ ነካ፤ በራ። ከዚያ ከኋላው ወደ ቆመው ወዳጁ ዞሮ እየጠቀሰ የአሰላውን ቦታ ነካ። የአባታችን እርሻ ጠፋ። አጠገቡ ቆሜ ሲጠፋ አየሁት። ዞር ሲል ደግሞ፣ ሁለቱም በርተዋል ብሎ ከልቡ ስላመነ መስታወቱን እንኳ ሳያየው «አጽድቅ» የሚለውን ነካ። ወረቀቱ ታትሞ ወጣ። ያን የተንዛዛ ፊርማውን ሁለት ቦታ ላይ ጣለበት። ሲነሣ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «አየሽ? አንዲት ቁልፍ ነች» አለኝ።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ለአልጣሽ የተናገርሁትን፣ ለመቶ ሰው የተናገርሁትን ያንኑ ቃል። አልተናገርሁም። አዝኛለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ቦና ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤቴ ስገባ ዝም ብዬ በሁለት እጄ አጨበጨብሁ፤ ጎረቤት ደርሳ እንግዳ መጣ ወይ አለችኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለሊሴን፣ «ያንን ማስጠንቀቂያ አውጪው» አልኋት። «ባለፈው አያስፈልግም ብለውኝ አልነበር?» አለች። «አሁን ያስፈልጋል» አልሁ። ጥቂት አየችኝና «ቶሌ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች፤ እሺ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝርዝሩ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። እሱ ብቻ ቆጭቶኛል።

እንደሻው ያወቀው የተለቀቁት ይዞታዎች ሰሌዳ ላይ ሲለጠፉ ነው። ባለፈው ሐሙስ እየሮጠ ገባ። መጀመሪያ፣ «አንቺ እባብ! አንቺ መድኃኒት የማይገኝልሽ!» አለ። ዘበኛው ሲጠጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የአጎትሽ ልጅ አይደለሁም? አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። በአንድ ጠዋት እባብም እህትም ሆንሁልሽ። ፋይሉን አውጥቼ የፈረመበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብሁለት፤ ነጥቧን ሳልዘል፣ ቀኑን ጭምር። አቋርጦኝ ሊናገር ሲል ከመጀመሪያው እየጀመርሁ። ሦስት ጊዜ ጀመርሁ። በሦስተኛው ቆሞ ሰማ።

አሁን ቅሬታ አስገብቷል። ሐሙስ የካቲት አሥራ ሦስት ይሰማል፤ እኔም ምስክር ነኝ። የቅሬታ ሰሚዎቹ ጥያቄ ተጽፎ ደርሶኛል፤ «ባለጉዳዩ እንዲነበብላቸው ተጠይቀው ነበር ወይ?» ይላል። ተጠይቀው ነበር ብዬ እመልሳለሁ፤ እውነት ነው። ማስጠንቀቂያው እንዲቀር ማን እንዳደረገ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ብናገር መሬቱ ወደ እሱ ይመለስ ይሆናል። ያልተጠየቅሁትን አልመልስም። ያን ቀን በጠየቁኝ ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፣ ዋሸሁ። አሁን ባልጠየቁኝ ጊዜ ዝም እላለሁ። ሁለቱም በእኔ ላይ ይቆጠር።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የተለቀቀ እርሻ ቀድሞ በፋይሉ ላይ ስሙ የሰፈረ የቤተሰብ አባል በሠላሳ ቀን ውስጥ ካመለከተ ለእሱ ይሰጣል፤ ካላመለከተ ለሌላ ይተላለፋል። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናልና ይህ ወረቀት እንዳይዘገይ ወደ ጁባ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ልኬልሻለሁ። ነገ ሳትዪ እዚያው ወዳለው ኤምባሲያችን ሄደሽ ውክልና ላኪ። በእኔ ስም እንዳታደርጊው። የአባታችን ጎረቤት ቱሳ አሁንም አለ፣ ጠይቄው እሺ ብሏል፤ በእሱ ስም አድርጊው። የእኔ ጣት በዚያ መሬት ወረቀት ላይ ዳግመኛ አያርፍም።

ይህን ደብዳቤ ደብቂልኝ አልልሽም። ለሰው አይታይ ብዬ ብለምንሽ፣ ያኔ በቦና ፊት ያደረግሁትን ዛሬም ባንቺ ላይ መድገም ነው። እንደሻውን የበደለችው እህቴ ናት ብለሽ ከፈረድሽ ወረቀቱን ለቢሮው ላኪው፤ አድራሻው በፖስታው ጀርባ አለ፤ ከሥራ ያባርሩኛል፣ አልቀየምሽም። መሬቱን ለራሴ ብለሽ ከያዝሽም ያዢው። ለእኔ ይቅርታ ያደረግሽ ግን እንዳይመስልሽ። እሱን ሌላ ጊዜ፣ ዓይኔን እያየሽ ወይ ትሰጪኛለሽ ወይ ትከለክዪኛለሽ።

ለባለቤትሽ ለዮፍታሔ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ጽጌሬዳን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ፊደል መቁጠሯን እንዳትተው፣ ካላወቀችውም አላውቅም ማለትን አስተምሪያት። በምግብ ቤቱ ለሚሠሩት ሁሉ የታላቅ እህትሽን ሰላምታ አድርሺ። ቱሳ ሰላም ብሎሻል፤ በአባታችን ደጅ ያለው የወይራ አጥር እንደ ቆመ ነው ብለሽ ንገሪልኝ ብሏል። ጎረቤቴም ሳትተዋወቁ ሰላም ትልሻለች።

የማትገባሽ እህትሽ
ሐመልማል ገብረ መድህን
አሰላ፣ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.